በዙፋኑ ላይ ያለው ሥጋችን

ዛሬ የበዓለ ዕርገቱ ዋዜማ ነው።

ለልደት የገና ጨዋታ አለ። ለጥምቀት ታቦታቱ ወደ ውኃው ይወርዳሉ፤ አገሩ ነጭ ለብሶ ይከተላቸዋል። ለደብረ ታቦር ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ፤ ሙልሙል ይጋገራል። ለሆሣዕና ዘንባባ በግንባራችን እናስራለን። ለትንሣኤ ሌሊቱን ቆመን አድረን ጾም እንፈታለን። ዕርገትም ከእነዚህ ጋር ተቆጥሮ ከዘጠኙ ዐበይት የጌታ በዓላት አንዱ ነው። በየቤታችን ግን ምን ምልክት አለው? ሐሙስ ይውላል፤ ቅዳሴው ይቀደሳል፤ የቻሉ ተሳልመው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። ብዙዎቻችን ዕርገት እንደነበረ የምንሰማው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንመጣ ነው፤ ያኔ በዓሉ ዐልፏል።

ይህን የምለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ በሥራ ቀን የሚውል በዓል ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ትንሣኤ ሞት መሸነፉን ይነግረናል፤ ዕርገት ደግሞ ያ ከመቃብር የተነሣው ሥጋ የት እንደደረሰ ይነግረናል። ሁለተኛውን ያልሰማ ሰው የመጀመሪያውን የያዘው በግማሹ ነው። ዛሬ ማታ ልነግራችሁ የመጣሁትም ይህንኑ ነው፦ የእኔና የእናንተ ሥጋ፣ ከድንግል ማርያም የተወሰደው የሰው ሥጋ፣ በአብ ቀኝ በዙፋን ላይ ነው። ይህን ካመንን ነገ ጠዋት ሰውን የምናይበት ዓይን የትናንቱ ሆኖ ሊቀጥል አይችልም።

የዘመን አቆጣጠራችን ራሱ ይህን ጉዞ እያሳየ ይወስደናል። ዐቢይ ጾምን የምንጀምርበት እሑድ ዘወረደ ይባላል፤ ከሰማይ የወረደውን እያሰብን እንገባበታለን። ስምንቱን ሳምንት ጾመን፣ በሕማማት ሰግደን፣ ትንሣኤውን አክብረን፣ በዐርባኛው ቀን ያ የወረደው እንደወጣ እናከብራለን። በባሕረ ሐሳብ ዕርገት ከግንቦት 5 አይወርድም፣ ከሰኔ 9 አይወጣም፤ በ2016 ዓ.ም. ሰኔ 6 ቀን፣ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት 21 ቀን ውሏል። ቀኑ ይዛወራል እንጂ ከሐሙስ አይለቅም። በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሆንን ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፣ ስግደትም የለም። ቤተ ክርስቲያን ልጆቿን ሃምሳ ቀን ሙሉ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ታደርጋለች።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ ቢሆንም ቀስ ብለን እንየው። ቅዱስ ሉቃስ ሁለት ጊዜ ጽፎታል፤ አንዴ በወንጌሉ መጨረሻ፣ አንዴ በሐዋርያት ሥራ መጀመሪያ። ጌታ ከትንሣኤው በኋላ ዐርባ ቀን እየተገለጠ ስለ እግዚአብሔር መንግሥት አስተማራቸው። ከዚያ እስከ ቢታንያ አወጣቸው፤ እጆቹን አንሥቶ ባረካቸው፤ እየባረካቸውም ሳለ ከእነርሱ ተለየ፤ ደመናም ከዓይናቸው ሰወረችው። ሉቃስ እጆቹን ዝቅ ስለማድረጉ አንድም ቃል አልጻፈም። ሐዋርያት ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት የሚባርኩ እጆችን ነው፤ በመዳፋቸው ላይ የችንካር ምልክት ያለባቸው እጆች።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን ያስገርማል። ወደ ኢየሩሳሌም የተመለሱት በታላቅ ደስታ ነው ይለናል። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ልጇን ሸኝታ የምትመለስ እናት አይታችሁ ታውቃላችሁ። ልጁ ከዓይኗ ሲሰወር በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች፤ ወደ ቤት እስኪደርሱ መኪናው ውስጥ የሚናገር የለም። ሽኝት በኛ ዘንድ ይህ ነው፤ በእነርሱም ዘንድ ከዚህ የተለየ አልነበረም። በምሴተ ሐሙስ ራት ላይ ሊሄድ መሆኑን በነገራቸው ጊዜ ልባቸው በኀዘን ተሞልቶ ነበር። በዚያ ሐሙስ ገና ሊሄድ ነው ሲባል አዘኑ፤ በዚህ ሐሙስ መሄዱን በዓይናቸው አይተው ደስ አላቸው። በመካከሉ ምን ተለወጠ?

መልሱን ለማግኘት ቢታንያ ላይ ትንሽ መቆየት አለብን። ቢታንያ ከኢየሩሳሌም ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከደብረ ዘይት በስተ ምሥራቅ ያለች መንደር ናት፤ የማርታ፣ የማርያምና የአልዓዛር አገር። አልዓዛር በታመመ ጊዜ ጌታ በዚያ አልነበረም። እኅቶቹ ላኩበት፤ ሲደርስ አልዓዛር ከተቀበረ አራት ቀን ሆኖታል። ማርታ ወጥታ ስትቀበለው ያለችው፣ ማርያምም እግሩ ላይ ወድቃ የደገመችው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ አንተ እዚህ ብትሆን ኖሮ ወንድማችን ባልሞተብን ነበር። ይህ የሐዘንተኛ ሁሉ ንግግር ነው። በመለኮቱ በሁሉ የመላ መሆኑን እናምናለን፤ የአልዓዛርን መሞት ማንም ሳይነግረው ያውቅ ነበር። በሥጋው ግን በዮርዳኖስ ማዶ ሳለ ቢታንያ ትጠብቀው ነበር፤ በገሊላ ሳለ ይሁዳ ትጠብቀው ነበር። እንግዲህ የዐረገው ከዚያችው ከቢታንያ ወገን ነው። ያ እንጉርጉሮ ከተሰማበት መንደር አጠገብ፣ ለእንጉርጉሮው መልስ ተሰጠ። እንድሄድ ይሻላችኋል ያላቸውን ያኔ ተረዱት። መሄዱ መራቅ ቢሆን ኖሮ ደስታቸው ምክንያት አልነበረውም።

መሄዱ መራቅ ሳይሆን ለሁሉ መቅረብ መሆኑን፣ ከመጽሐፍ አንብበን ከምንናገረው ከእኛ ይልቅ በኑሮ የሚያውቁት በባዕድ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ይመስሉኛል። አንዲት ቤተ ክርስቲያን በሌለባት በሳዑዲ ዐረቢያ ዕርገትን የምታከብር ልጅ መስቀል የሚያሳልማት ካህን የላትም፤ የምትቆምበት ዐውደ ምሕረት የላትም። ወጥ ቤት ውስጥ የስልኳን ድምፅ ዝቅ አድርጋ ቅዳሴ ትሰማለች፤ አሠሪዋ ከጠራቻት እርሱም ይቋረጣል። ክርስቶስ በይሁዳ በአንድ ኮረብታ ላይ የሚጎበኝ ሆኖ ቀርቶ ቢሆን ለዚህች ልጅ ምን ይተርፋት ነበር? አሁን ግን ለኢየሩሳሌም ከሚቀርበው ይልቅ ከእርሷ የሚርቅ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በዚያ ቀን ወደ ሰማይ የወጣው ምንድን ነው? ቃለ እግዚአብሔር በመለኮቱ ከሰማይ ተለይቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ለእርሱ አዲስ የሚሆንበት ስፍራ አልነበረም። ፍሬምናጦስን፣ የኛን አባ ሰላማን፣ ጳጳስ አድርጎ ሾሞ የላከልን የእስክንድርያው አትናቴዎስ ይህን በግልጽ አስቀምጦታል። በዳዊት መዝሙር የሰማይ በሮች እንዲከፈቱ የታዘዘው ለቃል ተዘግተውበት ስለነበር አይደለም፤ እርሱ የሁሉ ጌታ ነውና የሚዘጋበት በር የለም። በሩ እንዲከፈት ያስፈለገው ለኛ ነበር፤ በገዛ ሥጋው ይዞን የወጣው እኛን ነውና፤ ይላል ሐሳቡ። ዮሐንስ አፈወርቅ ደግሞ በዕርገት ቀን ባስተማረው ትምህርት ነገሩን ከዘፍጥረት ጋር ያገናኘዋል። አዳም ከገነት ሲወጣ ኪሩብ የሚንቀለቀል ሰይፍ ይዞ መንገዱን እንዲጠብቅ ተደረገ። ያ ከገነት በር እንኳ እንዳይደርስ በኪሩብ የተከለከለው ባሕርይ ዛሬ ከኪሩቤል በላይ ተቀምጧል። አፈወርቅ ይህን ሲያስብ መደነቁን መደበቅ አልቻለም፤ እኔም አልችልም።

ተዋሕዶ የምንለው ሃይማኖታችን እዚህ ላይ ነው ኃይሉ የሚታየው። ቃል ሥጋን ለሠላሳ ሦስት ዓመት ተገልግሎበት ሲጨርስ የተወው ቢሆን ኖሮ ሰው መሆኑ ጊዜያዊ ጉብኝት ይሆን ነበር። እኛ ግን መለኮትና ሥጋ ያለ መለየት፣ ያለ መቀላቀል አንድ እንደሆኑ፣ ያም አንድነት በመስቀል ላይ፣ በመቃብርም፣ በዕርገትም እንዳልተፈታ እናምናለን። ቅዱስ ቄርሎስ የታገለለት ይህ ነው፤ በስሙ የሚጠራው መጽሐፍም በጥንት ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ ተመልሶ በአገራችን የሃይማኖት ትምህርት መሠረት ሆኗል። እነሆ አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ በሰማይ ያለው ክርስቶስ ሰው ነው። ተርቦ ያውቃል፤ በጉድጓድ አፍ ደክሞት ተቀምጦ ውኃ ለምኖ ያውቃል፤ በወዳጁ መቃብር አጠገብ አልቅሶ ያውቃል። በአብ ቀኝ ተቀመጠ ስንል ለእግዚአብሔር ቀኝና ግራ አለው ማለታችን አይደለም፤ በክብርና በሥልጣን እኩል ነው ማለታችን ነው። በዚያ ክብር አሁን ያለው ከሥጋው ጋር ነው።

ሌላም አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው። ጌታ ከሙታን ሲነሣ የችንካሩ ምልክት ከእጁ፣ የጦሩም ከጎኑ አልጠፋም። ቶማስ እንዲዳስሰው ያሳየው ያንን ነው። ሞትን ያሸነፈ ሥጋ አንድ ጠባሳ መደምሰስ አቅቶት አይደለም። ምልክቱን ሊይዘው ስለ ወደደ ያዘው፤ ይዞት ዐረገ። የጥንት የብራና ወንጌሎቻችንን ያየ ሰው ይህን በሥዕል ያገኘዋል። ከ13ኛውና ከ14ኛው ክፍለ ዘመን በደረሱን ወንጌሎች ውስጥ ሦስት ሥዕሎች ተከታትለው የሚገኙበት ልማድ አለ። አንደኛው ስቅለት ነው፤ የተሰቀለው ሰው አይታይም፤ ከባዶው መስቀል በላይ በግ ተሥሏል። ሁለተኛው ቅዱሳት አንስት ወደ መቃብሩ ሲመጡ ነው። ሦስተኛው ዕርገት ነው፤ ክርስቶስ በክብ ብርሃን ውስጥ ተቀምጦ አራቱ እንስሳ ይሸከሙታል፤ ከታች እመቤታችንና ሐዋርያት አንጋጠው ያያሉ። ሠዓሊው በመስቀሉ ላይ የደበቀውን ገጽ በዕርገቱ ላይ ገልጦ አሳየን። የታረደው በግና በዙፋን ላይ ያለው ንጉሥ አንድ መሆኑን ማንበብ ለማይችል ሰው እንኳ እንዲገባው አድርጎ ነገረው።

እንግዲህ የቆሰለ የሰው ሥጋ በሰማይ አለ። በዚህ አዳራሽ ያለነው ሰዎች ይህን ቃል የምንሰማው ብዙ ቁስል ካየን በኋላ ነው። ባለፉት ዓመታት በአገራችን በጦርነት እጁን ወይም እግሩን ያጣ ወጣት በየከተማው አለ። ልጇን ቀብራ ወይም አስከሬኑን እንኳ ሳታገኝ የቀረች እናት አለች። ቃላት የማይችሉት በደል በሥጋቸው ላይ የተፈጸመባቸው ሴቶች አሉ። ለእነርሱ ቶሎ ይረሳችኋል ማለት ጭካኔ ነው። ዕርገት እንዲረሱት አይጠይቃቸውም። የተወጉበት ምልክት ያለበት ሥጋ ከሰማይ ክብር አልተከለከለም፤ የእነርሱም አካል በእግዚአብሔር ፊት የሚያፍርበት ነገር የለም። ሊያፍር የሚገባው ያቆሰለው ነው።

ለዚህ ነው ሰውን የምናይበት ዓይን ይለወጣል ያልሁት። ጠዋት በየመንገዱ ዳር አካፋና ዶማ ይዞ የሚሠራበት እስኪያገኝ የሚቆመው የቀን ሠራተኛ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተቀመጠው ነዳይ፣ ስማቸውን ሳንጠይቅ ለዓመታት ልብሳችንን ያጠቡልን ሴቶች፣ ሁሉም በዙፋኑ ላይ ካለው ጋር ሥጋ ይጋራሉ። ስለ ዕርገት እንዲህ ከፍ አድርጎ የሰበከው ዮሐንስ አፈወርቅ በሌላ ስብከቱ ምእመናኑን የገሠጸበት ነገር ይህ ነበር፤ የክርስቶስን ሥጋ በመሠዊያው ላይ በሐር ሸፍነን፣ በደጅ በብርድ የሚሠቃየውን ራቁቱን እንዳንተወው። የሠራተኛዋን ደመወዝ በወሩ መጨረሻ ማዘግየት፣ የታመመውን የቀን ሠራተኛ ያለ ክፍያ ማሰናበት የኑሮ ዘዴ አይደለም፤ ዕርገትን መካድ ነው። የገዛ ሥጋችንም በዚህ ውስጥ አለ። ሰው አካሉን በስካር ሲያበላሽ፣ ሕመሙን ደብቆ ሕክምና ሲሸሽ፣ መልኩን ወይም አካል ጉዳቱን ሲጠላ የሚንቀው እግዚአብሔር ያከበረውን ነው።

ጌታ በሰማይ ስለኛ የሚያደርገው ነገርስ? በዚህ ላይ በአገራችን በክርስቲያኖች መካከል ብዙ ክርክር እንደተደረገ፣ ክርክሩም ብዙ ጊዜ ፍቅር እንደጎደለው ታውቃላችሁ። ዛሬ ወደዚያ አልገባም። የዕብራውያን መልእክት የሚለውን ግን ማለፍ አልችልም፤ ሊቀ ካህናታችን በሰው እጅ ወደ ተሠራች መቅደስ አልገባም፤ ስለኛ በእግዚአብሔር ፊት ሊታይ ወደ ሰማይ ገባ። አንድ ጊዜ የቀረበው መሥዋዕት አያረጅም። በድካማችን የሚራራልን መሆኑንም ያው መልእክት ይነግረናል፤ በሁሉ ተፈትኗልና። ተስፋ ቆርጦ ጸሎት ያቆመ ሰው ቢኖር ይህን ይያዝ፦ ጸሎቱ የሚደርሰው ድካም ምን እንደሆነ በሥጋው ወደሚያውቅ ነው።

የዐረገበትን ቦታ ሁላችንም ብናየው እንወዳለን። በደብረ ዘይት አናት ላይ ከ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ነበረ፤ ጣራው መካከል ላይ ወደ ሰማይ ክፍት የሆነ ክብ ሕንፃ እንደነበር የ7ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዥ ገልጾታል። ዛሬ ያለው ስምንት ማዕዘን ትንሽ ሕንፃ የመስቀል ጦረኞች የሠሩት ነው። ሰላሐዲን ኢየሩሳሌምን በ1187 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከያዘ በኋላ በሙስሊሞች እጅ ገብቷል፤ ጉልላቱም በኋላ የተደፋበት ነው። ውስጡ የጌታ እግር ያረፈበት የሚባል ድንጋይ አለ፤ ምእመናን ይሳለሙታል። ቅዱስ ቦታን መሳለም እወዳለሁ፤ አባቶቻችን በእግራቸው በረሃ አቋርጠው ኢየሩሳሌም የሄዱበትን ፍቅር አከብራለሁ። ጌታ ሲያርግ በአጠገባቸው የቆሙት ሁለት ነጭ ለባሾች ለሐዋርያት የተናገሩት ግን በዚያው ኮረብታ ላይ ነው፤ እዚህ ቆማችሁ ምን ታያላችሁ ብለው መለሷቸው። በዚያ ቦታ ላይ መቆየት እንኳ አልተፈቀደላቸውም። ሥራ ነበራቸው።

ሥራው ምን እንደሆነ ለማወቅ ሐዋርያት ከመለየቱ በፊት የጠየቁትን ጥያቄ ማየት ያስፈልጋል። ዐርባ ቀን ሙሉ ስለ እግዚአብሔር መንግሥት ሲያስተምራቸው ቆይቶ፣ በመጨረሻው ሰዓት የጠየቁት ለእስራኤል መንግሥቷን አሁን ትመልሳለህ ወይ የሚል ነበር። የራሳቸው ወገን ነገር ከልባቸው አልወጣም። አልፈርድባቸውም፤ በቅኝ ገዥ እጅ የተገፋ ሕዝብ ልጆች ነበሩ። እኛም ዛሬ በየወገናችን ተሰልፈን ክርስቶስን ከኛ ጎን እንዲቆም ስንጠራው የምንጠይቀው ያንኑ ነው። እርሱ ግን ዘመኑን ማወቅ የእናንተ አይደለም አላቸውና የምስክርነታቸውን መንገድ ነገራቸው፤ ከኢየሩሳሌም ወደ ይሁዳ ሁሉ፣ ከዚያ ወደ ሰማርያ፣ ከዚያም እስከ ምድር ዳር።

ሰማርያ! ለአይሁዳዊ ሰው ሰማርያ ማለት ጎረቤት ሆኖ ባላጋራ፣ የአንድ አባት ልጅ ሆኖ ማዕድ የማይቆረስበት ወገን ነው። አንድ የሰማርያ መንደር ጌታን አላሳድርም ባለው ጊዜ ያዕቆብና ዮሐንስ ከሰማይ እሳት አውርደን እናቃጥላቸው ብለው ነበር፤ ገሠጻቸው። አሁን ልብ አድርጋችሁ ስሙኝ። ከዕርገቱ በኋላ፣ ፊልጶስ በሰማርያ ሰብኮ ብዙዎች ባመኑ ጊዜ፣ እጃቸውን ጭነው መንፈስ ቅዱስ እንዲቀበሉ ከኢየሩሳሌም የተላኩት ጴጥሮስና ዮሐንስ ናቸው። ያው ዮሐንስ! እሳት አውርዶ ሊያጠፋቸው ለፈለጋቸው ሰዎች እጁን ጭኖ ጸለየላቸው። በዚያው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ ፊልጶስ ከሰማርያ ተነሥቶ በጋዛ መንገድ ላይ የኢትዮጵያን ንግሥት የህንደኬን ጃንደረባ አገኘው፤ ኢሳይያስን ሲያነብ ደርሶ ተረጎመለት፤ አጠመቀውም። ወንጌል ወደ እኛ የመጣው በሰማርያ በኩል አልፎ ነው። ሐዋርያት ሰማርያን ዘለን እንሂድ ብለው ቢሆን ኖሮ ፊልጶስ በዚያ መንገድ ላይ ባልተገኘ ነበር። የኛ ሰማርያ ማን እንደሆነ እያንዳንዳችን እናውቃለን፤ ስሙን እዚህ መጥራት አያስፈልገኝም።

በሰማይ ያለው ጌታ በምድር ላይ ባለው ሰው ላይ የሚደረገውን እንዴት እንደሚያይ አንድ ምስክር ልጨምር። እስጢፋኖስ በድንጋይ ሲወገር ሰማይ ተከፍቶ የሰውን ልጅ በእግዚአብሔር ቀኝ ቆሞ አየው። በሌላ ቦታ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ተቀመጠ ይላል፤ እስጢፋኖስ ግን ቆሞ ነው ያየው። ለመጀመሪያው ሰማዕቱ ተነሥቶለት ይሆን? አባቶች ብዙ ተርጉመውታል። የወጋሪዎቹን ልብስ ይጠብቅ የነበረው ሳውል ነው። ሳውል ከዚያ ወደ ደማስቆ ክርስቲያኖችን ሊያስር ሲሄድ ብርሃን ከሰማይ ጣለው፤ ድምፁም ለምን ታሳድደኛለህ አለው። ሳውል እጁን ያነሣው በሰማይ ባለው ላይ አልነበረም፤ በየቤቱ ገብቶ ወንዶችንና ሴቶችን እየጎተተ ነው ወደ ወህኒ ያስገባው። ያ ጉተታ ግን በዙፋኑ ላይ ያለውን ደረሰበት። የደማስቆው ደቀ መዝሙር ሐናንያም በሳውል ላይ እጁን ይጭን ዘንድ ሲላክ ፈራ፤ መፍራቱን አልደበቀም። ሄዶ ግን ወንድሜ ብሎ ጠራው።

ሐዋርያት ከደብረ ዘይት ተመልሰው ዐሥር ቀን የቆዩበትን ሰገነት ደግሞ አስቡት፤ በትውፊታችን የዮሐንስ ማርቆስ እናት የማርያም ቤት ነው። መቶ ሃያ ሰዎች ነበሩ፤ አባቶች ዐሥራ ሁለቱን ሐዋርያት፣ ሰባ ሁለቱን አርድእት፣ ሠላሳ ስድስቱን ቅዱሳት አንስት ብለው ይቆጥሯቸዋል። እመቤታችን በመካከላቸው አለች። የካደው ጴጥሮስ፣ የተጠራጠረው ቶማስ፣ ቀድሞ አያምኑበት የነበሩት የጌታ ወንድሞች የተባሉት ሁሉ በአንድ ጣራ ሥር ናቸው። ማን ከማን እንደተኮራረፈ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ግን በአንድ ልብ ይጸልዩ ነበር። ከጸሎቱም ጋር በይሁዳ የጎደለውን ቦታ በማትያስ ሞሉ።

ነገ በሚጀምሩት በእነዚህ ዐሥር ቀናት፣ እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ፣ በየማኅበራችሁና በየቤታችሁ ሁለት ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። ነገ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ያልቻለ፣ በሕመም የተኛ ወይም በሥራ የታሰረ ሰው ካለ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ሄዶ ይጠይቀው፤ የሩቁን ደውሉለት። በማኅበሩ ውስጥ የተኮራረፉ ሁለት ሰዎች ካሉ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ከጰራቅሊጦስ በፊት ያገናኟቸው፤ የሐዋርያት ጾም የሚገባው በማግስቱ ሰኞ ነውና ከዚያ በፊት በአንድ ማዕድ ይቀመጡ።